አባ ኮዳ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ አሞራ ገደል ዳር፣
ጥሬ ዓሣ ተቆርጦ፣ ዳጣ ሲደረደር፣
ገና ሳንቀመጥ ዱካሞ ጀመረ፤
ከዓሣው አስቀድሞ ራሱን መተረ።

«ያ አባ ኮዳ» አለን፣ «ታላቅ ወንድሜ ነው፣
መላጣውን እኩል ነው የተካፈልነው፤
ክንፉን ግን ለብቻው እሱ ነው የወረሰው።»

ጠረጴዛው ሳቀ። የቶሌራ ጉንጭ ሞልቶ፣
ሚሪንዳው በአፍንጫው መጣ ተገፍቶ።
እኔም ሳቅሁ። መሳቅ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤
ከሁሉም የከፋ ነው የኔስ ወንበር፤
ዳጣ አቀባይ ነኝ። ቀልዱ ሲበርድበት
«ቁመትህስ?» ብዬ የምጨምርበት።

«ቁመቴማ» ይላል፣ እጁን እያማታ፣
«ጎንበስ ማለት የለም፣ ምን አለብኝ ጌታ!
ባጃጅ ላይ ስሳፈር ‹እናትህስ?› ይላሉ፣
በግማሽ ሂሳብ ነው የሚያደርሱኝ ሁሉ።»

እንዲህ ነው ዱካሞ። ሌላው ሳይደርስበት
ቀድሞ ይደርሳል፣ ቁስሉ ካለበት።
ድንጋይ ያነሳ ሰው እጁ ላይ ይቀራል፤
እሱ ራሱን ወርውሮ፣ ወድቆ፣ ይጠብቃል።

ባለፈው ጥር ወር፣ የእንዳሻው ሠርግ ለታ፣
በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ፀሐይ ልትገባ ማታ፣
ሚዜው ተሰለፈ ከረባት አጥብቆ።
«ዱካሞ፣ ና ግባ!» አልነው። እሱ ስቆ፣
«ሌንሱ ይሰነጠቃል፣ ይቅርብኝ» እያለ
ስልኬን ከእጄ ነጥቆ ወደ ኋላ ዘለለ።

ሳቅን።
ፎቶው ላይ ያለው ሳቅ፣ ያ ነው።

እንቅልፍ እምቢ ያለኝ ሌሊት ተነስቼ፣
ለልደቱ ልልክ፣ ስልኬን አብርቼ፣
የሱን ፎቶ ፈለግሁ፦ ታቦር ላይ፣ ኳስ ሜዳው ዳር፣
ወንዶ ገነት፣ አሥር ዓመት ሙሉ... የለም ከኛ ጋር።

ጥላው ብቻ አለ።
ፀሐይ ከጀርባው ሆና ስታዘቀዝቅ
ሣሩ ላይ ተስቦ፣ እስከ ጫማችን ድረስ መጥቶ፣
ሁለት እጁን ወደ ፊቱ ያነሳ ጥላ።
ረጅም። ከሁላችንም የሚረዝም።
ስንት ጊዜ ቆርጬዋለሁ መሰላችሁ፣
ፎቶው እንዲያምር ብዬ።

ምን ይባላል ለዚህ? «ቆንጆ ነህኮ» ብለው
«ለእናቴ ንገራት፣ ሚስት ታምጣልኝ» ነው መልሱ፤ ልክ ነው።
«ራስህን አታዋርድ» ብል፣ ሰባኪ መሆን ነው፤
ዝም ብል፣ ዝምታዬ «እውነትህን» የሚል ነው።
ለቀልዱስ መልስ አለኝ። ቀልዱ ለሸፈነው
እጄን ብሰድድ፣ የቱ ጋ ነው የምነካው?

የአባ ኮዳን ኮዳ ሳየው ይገርመኛል።
አንገቱ ላይ ታስሮ አብሮት ይዞራል፤
ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ሰው ሁሉ ይስቃል፣
ምን እንዳለበት ግን እሱ ብቻ ያውቃል።

ቅዳሜ ተመልሶ ቅዳሜ ሲመጣ፣
ዓሣው ተከትፎ ሲቀርብ ከነዳጣ፣
አሞራ ወንድሙን እንደገና ጠቆመ።
ቶሌራ ሳቀ። የኔ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ዓሣ ለሚሰነጥቀው ልጅ ስልኬን ሰጠሁት፤
እጁን በሱሪው ጠርጎ ተቀበለኝ።
«ና» አልኩት ዱካሞን።
«ሌንሱ...»
«ይሰበር። የኔ ነው።»

መጣ። ትከሻው ላይ እጄን ሳሳርፍ
ከመረብ ገና እንደወጣ ነገር
ሸሚዙ ሥር የሚርገበገብ ነበር።
ልጁ አንድ፣ ሁለት አለና
ሦስትን ሳይጠብቅ አነሳን።

ፎቶው አልሠመረም። የዱካሞ ዓይን ተጨፍኗል፣
የኔ ጆሮ ተቆርጧል፣
የልጁ አውራ ጣት ጥግ ላይ ገብቷል።
ከኋላችን አባ ኮዳው ቆሟል፣ ቀጥ ብሎ፣
ለሽምግልና እንደተላከ ሰው ኮቱን ቆልፎ።

ዱካሞ ስልኩን ይዞ ብዙ ቆየ።
«አሞራው አምሮበታል» አለ።
«አንተም» አልኩት።

አፉን ከፈተ።
የሚመጣውን ቀልድ ሁላችንም ጠበቅን።
«ዳጣውን አቀብለኝ» አለ።

ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ በራ፦
«ያቺን ፎቶ ላካት።»
ከሥሩ የሚስቅ ፊት አልነበረበትም።