መቃኛ

ዓርብ ማታ ዘነበ። ጅማ ናት፤ ምን ይደንቃል?
የሂርማታ ሰው ዝናቡን በጉልበቱ ያውቃል።
እንግዶቹ ግን ከየት ይወቁ? ሲነጋ ቢዳስሱ
ትናንት የተስማሙ አውታሮች ውላቸውን አፈረሱ።
የበገናው አሥር አንጀት አሥር ዓይነት አለቀሰ፣
ከጋምቤላ የመጣው ቶም እንደ ጉንፋናም ልጅ አነጠሰ፤
የሸቤው ክራር ብቻ፣ እርጥበቱን የለመደ፣
“ዝናብ ነዋ!” ብሎ መንገዱን ይዞ ሄደ።
አስተዋዋቂው “ጅማ ከጅማት ነው!” እያለ ይቀልዳል፤
ቀልዱም እንደ እርጥብ ክር መሃል ላይ ይወርዳል።

እኔ ምን አውቄ ስለ ዜማ ነገር?
ሥራዬ በርጩማ፤ ከአንድ ጉቶ ሦስት እግር።
ለበዓሉ አርባ ጠረብኩ፣ ግማሹን ሒሳብ በዱቤ፤
ሥራዬን ላስረክብ እንጂ አልሄድኩም ዜማ ተርቤ።

“ነጂብ ጋ ሂጂ” ብለዋት
አንዲት ሴት ወደ እኔ መጣች፤ ፊቷ በጭንቅ ከብዶ፣
ጀልባ መሳይ በገና ታቅፋ፤ አገሯ ከዓባይ ምንጭ ማዶ።
ቋንቋ የለንም። በጣቷ አሳየችኝ፦ ሦስተኛዋ ክር ተንጠልጥላ፣
መቃኛዋ ለሁለት ተሰንጥቃ፣ እንደ ሕፃን ጥርስ ተነቅላ።

አዌቱ ዳር የወደቀ ዋንዛ ነበረኝ፤
ከጉቶው ጣት የምታህል ቁራጭ መረጥኩ፣
በቢላ ላጥኩ፣ በመስተዋት ስባሪ ፋቅኩ።
አንዷ ወፈረች፤ አንዷ ቀጥና ተንሸራተተች፤
ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። በአራተኛው ግን ዝም አለች።
ዝም አለችና ክሩን ጠምጥማ፣ ጆሮዋን አስጠግታ
ጠመዘዘች። ዋንዛው ሲጥ አለ። ከዚያ ያዘ፤ ተረታ።
“ስንት ነው?” አለች በጣቷ፣ ከቦርሳዋ ብር ልታወጣ፤
ለበርጩማ እግር ዋጋ አለኝ፤ ለጆሮ ግን ከየት ላምጣ?

እሑድ ከሰዓት መብራት ጠፋ። ማጉያው ሞተ፣ አዳራሹ ጨለመ፤
“ጄኔሬተር!” ብሎ አንዱ ጮኸ፤ ጄኔሬተሩም ታመመ።
መምህር ይትባረክ ተነሡ፤ ነጠላቸውን አጣፉና፣
“በገና ከሶኬት ጡት አይጠባም” ብለው ተቀመጡና
(በኔ በርጩማ ላይ፤ አወቅሁት፣ ሦስተኛው እግሩ ትንሽ ይጎድላል)
ደረደሩ። ለካ የበግ አንጀት የሰው አንጀት ይበላል!
ካልተጠጉት የማይሰማ፣ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም፤
አራት መቶ ሰው አንገቱን አስግጎ፣ የሚያስል እንኳ የለም።

ጋትዊች ቶሙን ይዞ ገባ፣ ስለ በሬው ቀንድ እያወጋ፣
የሸቤው አባ ዲጋም ከነክራሩ፣ ሳይጠራ ተጠጋ።
መምህሩ ገላመጧቸው፤ ጸሎትና ጭፈራ አይገጥምም፤
“ሁሉም አንድ ሆኑ” ብዬ እዚህ ላይ አልዋሽም።

ከዚያ እሷ ወጣች።
ዘጠኝ ክር፤ የስምንቱ መቃኛ ካገሯ ዱር፣
የአንዷ ግን ከአዌቱ ዳር ዋንዛ፣ ከኔ ጥፍር።
ሰው ዜማውን ሰማ። እኔ ዜማ አልሰማሁም።
አንዷን ክር ስጠብቅ ሌላውን አላየሁም፦
ትመጣለች፤ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ አልላላችም፤
ትሄዳለች፤ ደግሞ ትመለሳለች፤ አሁንም አልላላችም።
ልጁን ፈተና አስገብቶ በር ላይ እንደሚቆም
አባት ቆምኩ። ሲያጨበጭቡ እጄ አልታዘዘኝም።

ሰኞ አውቶቡሱ ወጣ። አዳራሹን ጠራጊዎች ያዙት፤
የዱቤው ሒሳብ አሁንም “ነገ” ነው፤ ተውኩት።
ማታ ግን ዝናቡ መጥቶ ቆርቆሮዬ ላይ ሲደረድር
መጥረቢያዬን አስቀመጥኩ፤
ጆሮዬ ከስንት ሺህ ጠብታ መካከል
ሦስተኛዋን ፍለጋ ሲዞር፣ ሲዞር።