ጥሬ በድሬ

ስኳሬ ሲጨምር ምድጃ ጠላሁኝ፤
እሳት የነካውን አልቀምስም አልሁኝ።
ከፊራ ገብቼ በጠዋት ገበያ
ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቲማቲም፣ ፓፓያ
ስቆልል ስታየኝ
ኢፍቱ ጠየቀችኝ፦
«ለወጥ ነው?»
          «እንዲሁ ነው።»
«ፍየል ገዛህ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ደቻቱን ስሻገር፣
አራት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ አሸዋው ይፋጃል፤
ጎመኑ ጠውልጎ ፌስታል ላይ ተኝቷል፤
ቲማቲሙ ፈርጦ ሊንተከተክ ደርሷል።
ወይ ድሬ! ወይ ድሬ!
ካንቺ ፀሐይ አምልጦ ማን ይቀራል ጥሬ?

ረምላ ድስቷን ታጥባለች፣
ሳምንት ሙሉ ያልተጣደውን ድስት።
ቀና እንኳ ሳትል፦
«በዚህች አገር ፀሐይ ስልሳ ዓመት ተጥደህ፣
ሠላሳውን ደግሞ ምድር ባቡር ነደህ፣
ሁሉም በሰለ እኮ፤
የቀረኸው አንተ ነህ።»

መልስ አጣሁ።
ጎመኔን ከተፍሁኝ፣ ሎሚ ጨመቅሁበት።

ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤
ቀበቶዬ ወደ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ገባ።
ረምላ አይታለች፤ ያየች አትመስልም።

ትናንት ሌሊት ግን፣ መብራት በጠፋበት፣
ከጓዳ በኩል፣ ቀስ ብሎ፣
ቀርጠም…
ቀርጠም…
ካሮት ነው።
እንዳልሰማ ሆኜ ፊቴን አዙሬ ተኛሁ።