ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ

ውርጩ ገና አልለቀቀም፣ ሣሩን እንደያዘ ነክሶ፣
እንግዳሸት ከመኪናው ሥር፣ የማዳበሪያ ከረጢት ተንተርሶ፤
በበሩ በኩል እግሩ ይታየኛል፣ የግራው ካልሲ የኔ ነው፤
የደብረ ብርሃን ጠዋት፣ ኩርፊያችንም ዘጠኝ ቀኑ ነው።

በሰባት በግ ነው የገዛት፣ ሲደመር የኔ ዕቁብ ብር፣
ይቺን ቀይ፣ ይቺን አሮጊት፣ ባለ ሁለት ወንበር።
ለእህል ጆንያ ቦታ የላት፣ ለልጅ እንኳ መቀመጫ፤
ብቻ ረዥም አፍንጫ።

ፍሪሲዮኗ ሲረገጥ፣ እንደ ሐምሌ ጭቃ ይሰምጣል፤
ማርሹ አልገባም ብሎ፣ ጥርሱን ያፋጫል።
«አየር ነው ቱቦው ውስጥ ያለው፣»
አለ፤ ለቡሎኑ ነው የነገረው።

«ርገጪ!» እረግጣለሁ።
«ያዢ!» እይዛለሁ።
ዳዶው ላላ ሲል፣ በቀጭኗ ጎማ
አረፋው ወደ ድልህ ጣሳው፣ ትፍ ትፍ ሲል ተሰማ፤
«ልቀቂ!»
ከሦስት ቃል ሌላ የለንም። እንደገና፣ እንደገና፣
ጉልበቴ ዛለ፣ ፀሐይም ወጣች፣ ከጣርማ በር ደመና።

«ሳላጠብቀው ከለቀቅሽ፣ ያው አየር ይገባል ተመልሶ፣»
አለኝ፣ ድምፁን ቀንሶ።
(ቆጠርኩት፤ ስድስት ቃል።)

ዘንጓን ሩብ ዙር መለሰና፣ «የጣት ያህል ትላላ፤
ካጠበቅናት ሸራዋን ነው የምትበላ።»

ፔዳሉ እግሬን ገፋኝ፤ ማርሹ ገባ፣ ቀጭ።
ወጣ ከሥሯ፣ ግንባሩ ዘይት፣ ቅንድቡ ውርጭ፤
«ቁልቁለቱን ወርደን፣ ደብረ ሲና ድረስ እንሞክራት?»
«ወርደን» አለ፤ ይቺን ቃል ሰማኋት።

«መጀመሪያ ካልሲዬን አውልቅ፣»
አልኩት፣ መሪውን ሳልለቅ።