የአሰብ ሸራ

ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ የጨበጠ እጅ፣
ከኤንትሬ በቀር ያልነበረው ወዳጅ፣
የጡረታው ወረቀት በፖስታ ሲደርሰው
የጓሮው አፈር ነው ቶሎ የቀጠረው።

ደሴ ነው ቤታችን፣ ከጦሳ ግርጌ ነው፤
ጠዋት ጭጋጉ ነው በር የሚያንኳኳው።

ልጃችን ከሸገር ለዒድ የመጣች ለት
በላስቲክ ሣጥን ውስጥ ጥቂት ፍሬ አምጥታለት፣
«ቼሪ ቲማቲም ነው» ብትለው ልጅቱ
አገላብጦ አየው በሦስቱ ጣቱ፤
«ይሄማ ቀጋ ነው» ብሎ ሳቀባት፤
አንዷን ግን በኪሱ ከትቶ ደበቃት።

ዘሯን በጋዜጣ ጨመቀና አሰጣ፣
የሎተሪው ቁጥር ላይ፤ ሃያ ሁለት ወጣ።
የዘይት ጀሪካን በሰንጢ ገመሰ፣
የበግ በጠጥ፣ አመድ፣ አፈር ለወሰ፣
ሃያ ሁለት ዘርቶ አራቱ በቀለ፤
«አራት ጎማ ካለኝ እነዳለሁ» አለ።

ማለዳ ይነሳል፣ ከብብታቸው ሥር
ያቆጠቆጠውን ቀንበጥ ሲመነጥር።
ለልጁ ሠርግ ያሰራት ቀይ ከረባቱ
ተቀዳ ለግንዱ ሆነች መቀነቱ።
ያኔ የልጆቹን ክፍል የጠየቀው
«ሦስተኛ ናቸው» ነው ለሁሉም የሚለው፤
ዛሬ ግን አበባ በጣቱ ይቆጥራል፣
አንዷ የረገፈች ለት ምሳውን ይተዋል።

ጦይባ ጎረቤቴ ባጥር አጮልቃ
አረንጓዴ ፍሬውን ቅጠል ሥር ጠብቃ፣
«ወላሂ እምቧይ ነው! ወይ የአሊጋዝ ነገር፣
ውሃ ያጠጣዋል? መች ጠፍቶ ከዱር!»
እኔም አልዋሽም፤ ሳቅሁኝ አብሬያት፤
የእምቧይ ካብ ሊሠራ ነው ብዬ ነገርኳት።

ኅዳር ተጋመሰ። ሰማዩም ጠራ፤
ጦሳ ራስ ላይ ኮከብ እንደ ጨው አበራ።
እሱ ጉንፋን ይዞት፣ ተኝቶ ይስላል፤
እኔ እንቅልፍ የለኝም፤ ውርጩ ይሰማኛል፣
ቆርቆሮው ጣራ ላይ ጥፍሩን ይሞርዳል።
«ምን አገባኝ?» ብዬ ተገላበጥኩኝ፤
«እምቧይ ነው» እያልኩም ባትሪ ፈለግኩኝ።

ጓዳ ጥግ ተጠቅልሎ ያ የመኪናው ሸራ፣
ባሌ ከኔ ይልቅ ያደረው ከሱ ጋራ፣
የአሰብን ጨው የላሰ፣ ናፍጣ የጠጣ፣
ሚሌ ላይ በሐሩር ቆዳው የተቀጣ።
ስንት ሌሊት ቀናሁ በዚህ ጨርቅ፣ በዚህ ግም!
ጎተትኩት። ከበደኝ። ውሻው ተነሣብኝ፤
እጥፋቱ አልፈታ አለ፣ ገመዱም ጠፋብኝ።
ሁለቱን አለበስኩ እንደምንም ብቻዬን፤
ለሦስተኛው ደግሞ ጣልኩለት ነጠላዬን።
አራተኛው ቀረ።
«ምን ላርግህ?» አልኩና ገባሁ።

ሲነጋ አራተኛው፣ እንደ ተቀቀለ
ጎመን ጠቁሮ፣ አንገቱን ሰብሮ ዋለ።
አሊጋዝ ወጣና ሸራውን ገለጠው፤
ነጠላዬን አየ፤ አጥፎ አስቀመጠው።
ምንም አላለኝም። ዱሮም እንዲሁ ነው፤
ፍሬን መያዝ እንጂ ማውራት መች ያውቃል ሰው
መሪ ላይ ሲያረጅ?

በታኅሣሥ ፍሬው ቀላ። ጦይባም በማታ
«ለዘር አንድ» አለችኝ እጇን ባጥር ዘርግታ፤
ለዘር ብላ ወስዳ ስትበላው አየኋት፤
የእምቧይዋን ነገር አላነሳሁባት።

አንድ ጠዋት እሱ፣ ከአልጋ ሳልነሳ፣
ሰባት ፍሬ አመጣ በወተት ጣሳ፣
አፈሩ ሳይታጠብ።
ድሮ ከአሰብ ሲገባ ብርጭቆ፣ ሳሙና፣
የጃፓን ጨርቅ ነበር፤ የተገዛ ነውና
አመስግኜ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባለሁ።
ይሄን ግን የት ላግባው? አፌ ውስጥ ጨመርሁ።

ጥርሴ ሲያርፍበት ፈነዳ፣ ረጨኝ፤
የሌሊት ልብሴ ላይ ዘሩ ወረደብኝ።
ልስቅ ስል ጎንበስ አለ፣ መነጽሩን አድርጎ፣
አንድ ባንድ ለቀመው፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣
አሥራ አንድ ቆጠረ፤ መዳፉ ላይ አለ፤
«የዛሬው ጋዜጣ
የት ነው ያለው?» አለ።