ከዓይን ያውጣው

ሥራህ ምንድን ነው ላለኝ ሰው፣ «ቤት እደብቃለሁ» እላለሁ፤
እሱ ይስቃል፤ እኔ ግን በዚሁ ደሞዝ እበላለሁ።

ስቲቨንሰን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በኮሎምቢያ ወንዝ ዳር፣
ባቡር ባለፈ ቁጥር መስኮቱ እንደበረደው ሰው በሚንገጫገጭ ቢሮ፣
የቀለም ናሙና አለኝ፣ እንደ ካርታ ጨዋታ ተደርድሮ፦
ዝናብ የመታው አለት፣ የከሰለ ጉቶ፣ የጥቅምት ሣር።
ነጭ የለበትም።

የፌዴራሉ ሕግ ይላል፣ ከነነጠላ ሰረዙ ሸምድጄዋለሁ፦
ከአውራ ጎዳናው ሲያዩት፣ ከወንዙ ሲያዩት፣ ከእግር መንገዱ፣
ቤት ለተራራው ይገዛ፤ ጣሪያም ይጎንበስ ለገደሉ፤
መስታወት ፀሐይን አይመልስ፤ ዛፎች ፊቱን ይጋርዱ።
ደግ ሰዎች የሚያምር ሕፃን ሲያዩ «ከዓይን ያውጣው» ይላሉ፤
እኔ ምርቃቱን በማኅተም፣ በሁለት ቅጂ እሰጣለሁ።

ሚያዝያ ላይ ማመልከቻ ገባ። ዊልማ ሃልቮርሰን፣ ዕድሜ ሰማንያ አንድ።
የሥራው ዓይነት፦ ግድግዳ መቀባት። ቀለም፦ ነጭ፣ እንደ ነበረው።
«ምክንያት» በሚለው መስመር፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ የጻፈችው
አንድ ቃል፦ እንዲታይ።

ባሏ ኦሪን የስንዴ ጀልባ ገፊ ነበር፣ ከላይ ካውድማው አገር እስከ ባሕር፤
ጉም በወረደ ቀን፣ ነጩ ግድግዳ ብቅ ሲልለት ከዳር፣
ጡሩምባውን ሁለቴ ይነፋል፤ እሷም ድንቹን ትጥዳለች።
ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ። አሁንስ ለማን ነው? ብላት፣
«እሱ ሞተ እንጂ ጉሙ መች ሞተ?» አለች።

በረንዳዋ ላይ ቆመን ቁልቁል አየን።
«ያ ምንድን ነው?»
የከፍተኛ መስመር ምሰሶ።
«ያስ?»
መቶ ፉርጎ ዘይት የሚጎትት ባቡር።
«ያስ፣ ከወዲያ?»
ግድቡ።
«እነሱን ማን ቡኒ ቀባቸው?»
ለነሱ ሌላ አንቀጽ አለ አልኳት፤ ቁጥሩ ትዝ አለኝ፣ ምክንያቱ ጠፋኝ።
ውኃው ሥር የሰመጠ ፏፏቴ አለ፤ ሲሰምጥ ቅጽ ያስሞላ የለም።

ግን አልዋሽም፤ ሕግ ያልደረሰበትን ገደል አይቻለሁ፤
ጫፉ ላይ የባለጠጋ ቪላ፣ እንደ ወርቅ ጥርስ ተሰክቶ፣
ከሥሩ መቶ ዓመት የቆየ ዛፍ ለእይታ ሲባል ተመትቶ።
ለአንዷ ነጭ በር ብከፍት፣ ለእሱ በምን አፌ እዘጋለሁ?

«አልተፈቀደም።» ፈረምኩ።

ይግባኝ አላለችም። ነሐሴ ላይ ቀለሙን ራሷ መርጣ፣
ዝናብ የመታውን አለት፣
የጎረቤቷን ልጅ መሰላል ላይ አውጥታ አስቀባችው።
እሷ ከታች ሆና ጣሳውን ያዘች አሉ።

ጥቅምት። ድልድዩን ተሻግሬ፣ በኦሪገን በኩል ካለው መመልከቻ ቆምኩ፣
መነጽሬን አቅንቼ። አጠገቤ ሁለት እንግዶች ፎቶ ያነሳሉ፤
«ሰው ያልነካው አገር!» ይላሉ።
ምላሴን ነከስኩ። ያልተነካው በስንት እጅ እንደተያዘ፣
እንዳይነካ ስንቱ ስንት ነገር እንደተወ፣ ማን ነግሯቸው?
ቤቱን ፈለግሁ። አለት፣ ጥድ፣ አለት። ሩብ ሰዓት ሙሉ አጣሁት።
ሥራዬ የሠመረበት ቀን ነው፤ ታዲያ ሆዴን ምነው ባር ባር አለው?

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ከአለቱ መሐል አንዲት መስኮት በራች።
የወጥ ቤት መብራት ናት። ሕጉ የሚያወራው ስለ ደጁ ነው፤
ጓዳዋ ውስጥ ስለምታበራው ምንም አይልም።
ከታች የስንዴ ጀልባ አለፈ። ጡሩምባ አልነፋም፤ ለማን ብሎ?

ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፦ ይታያል። አይታይም።
እርሳሴን አነሳሁ።
የሸለቆው ነፋስ ወረቀቱን አጠፈብኝ፤ ዘረጋሁት፤ ደግሞ አጠፈው፤
ስንታገል መሸ፣
ሁለቱም ሳጥን አልታይ አለኝ።