የሙሄ ሚዛን

የደሴ ጉም ከጦሳ ትከሻ ገና ሳይገፈፍ፣
ሙሄ ሚዛኑን ያወጣል ከመናኸሪያው ደጃፍ።
መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ መቆሚያው የተላጠ፤
በጨርቅ ወልውሎ፣ ዜሮው ላይ አቅንቶ፣ ጎኑ ተቀመጠ።

«ኪሎዎን ይወቁ! አምስት ብር!» ብሎ ሲጣራ፣
እኔ ሎተሪ አዟሪው እስቅበት ነበር፦ ይህም ሆኖ ሥራ!
ሆዱን ስቦ ይወጣበታል ባለሱፉ ደላላ፤
ሾፌሩ «የካፖርቱን ቀንስልኝ» ብሎ ሙሄን ሲያጉላላ።
እኔ እንኳ ተስፋ እሸጣለሁ፣ የነገ ሚሊዮን ብር፤
እሱ ለሰው የሚሸጠው የገዛ ገላውን ቁጥር።

ሽንኩርት ሻጯ አረቡ ሰኞ ሰኞ ትመጣለች፤
«አሁንስ ወፈርሁ መሰል!» ብላ እየሳቀች ትከፍላለች።
አንድ ሰኞ፣ በጥቅምት፣ ሙሄ ብሩን አልተቀበለም።
መርፌውን አየ። እግሯን አየ። ወዲያው አልተናገረም።

ደብተሩን ገለጠ። ስም አይጽፍም፤ ሽንኩርት ሥሏል፤
ከሥሩ ኀምሳ አንድ፣ አርባ ስምንት፤ ዛሬ አርባ አራት ይላል።
«ማታ ማታ ያልብሻል?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
ሳሏን በሻሽ አፈነችው፣ ዓይኗ መሬት ፈልጎ።
«ዛሬውኑ ቦሩ ሜዳ ሂጂ፤ ሽንኩርቱን እኔ እሸጥልሻለሁ።»
አጠገቧ ተቀምጬ ስንት ሰኞ እያየሁ አላየሁ!

በሚያዝያ ደብተሩን ሰረቅ አድርጌ ገለጥሁ፤
ከሽንኩርቱ ሥር ኀምሳ ሦስት፤ በሆዴ «ተመስገን» አልሁ።
በሚቀጥለው ገጽ የሎተሪ ትኬት ሥሎ አስቀምጧል፤
ከሥሩ አንድም ቁጥር የለም፤ ቦታው ግን ተትቷል።

ቀና ስል ሙሄ ያየኛል፤ «ና» እንኳ አላለኝም።
ሳሌን ዋጥ አድርጌ ጫማዬን ፈታሁ፤ ትኬቱን ማን ይጠብቅ አላልሁም።