ከመቃብር በላይ

ሐምሌ ነው፣ ኦታጎ፤ የደቡብ ነፋስ ስሎ
ጆሮ ይቆርጣል፣ አመዳዩን አዝሎ።
አራት ሆነን ቆመናል ከዛገው በር ሥር፣
እኔ መዝገብ ይዤ፣ ኤፊ መቀስ፣ ሞርና ግማሽ ደርዘን ምክር።
ራብ ደግሞ ማጨጃውን እያስነሣ ያጠፋል፣
«እሾህ ያለው እንዳይሆን!» ይላል፤ ያኮርፋል።

ሠላሳ ጉድጓድ ነው የተፈቀደልን፤
በመቃብር መሀል ጉድጓድ ስንቆጥር ሳቅ ያዘን።

ምርጫው ግን እንዲሁ እጅ ሰድዶ አይደለም።
አዲሱ ጽጌረዳ በጋውን ሙሉ አይደክምም፤
ያብባል ያለማቋረጥ፣ እንደ መንገድ መብራት፤
አፍንጫህን ስታስጠጋ ግን ምንም፤ የካርቶን ሽታ፣ የመጋዘን ጥራት።
የድሮው ሌላ ነው። ዳማስኩ፣ አልባው፣ ጋሊካው፣
ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ለሦስት ሳምንት ነው የሚያወራው።
ከዚያ ኮቱን ለብሶ ይሄዳል እንደ ለቀስተኛ፤
የቀረውን ዓመት እሾሁ ነው የኛ።

ኤፊ ትላለች፦ «እነዚህ ሰዎች ሲሞቱ የመጋዘኑ አበባ አልተወለደም ነበር፤
የማያውቁትን እንግዳ እንዴት እናስተኛ ከነሱ ጋር?»
ሞርና ትመልሳለች፦ «ያወቁትንስ ማን ያውቃል?
ባሌ እዚያ ጥግ አለ፤ አበባ ያስነጥሰዋል፤
ያስነጥሰው ነበር። ለሱ ሣር ይበቃዋል።»

ዝም አልን። ራብ ማጨጃውን አጠፋ።

ከላይኛው ረድፍ፣ ከጥዱ ጥላ ሥር፣
አንድ ድንጋይ አለ፣ ፊደሉን ዝናብ የላሰው እንደ ስኳር።
«ጀሚ...» ይላል፣ የቀረውን የድንጋይ ሽበት በላው፤
«ዕድሜዋ አራት» የሚለው ብቻ ነው ያልጠፋው።
ከግርጌዋ አንድ ቁጥቋጦ፣ ማንም ያልተከለው፤
አይ፣ አንድ ሰው ተክሎታል፣ ማንም ያላስታወሰው።
መቶ ሠላሳ ክረምት ማንም ሳያጠጣው፣
ፍየል ሲግጠው፣ ማጨጃ ሲቆርጠው
(ራብ አንገቱን ደፋ)፣ መድኃኒት ሲረጩበት፣
ደግሞ ከሥሩ ተነሣ፣ ምንም እንዳልሆነበት።

ስሙን ከመጻሕፍት ፈለግን፤ የለም።
ኅዳር ላይ ሲያብብ አሽትተን ነበር፤ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል፣ ግን ከየትኛውም አልገጠመም።
የጽጌረዳ ሰዎች እንዲህ ያለ ወላጅ አልባ ሲገጥማቸው፣
ካገኙበት መቃብር ስም መዋስ ነው ልማዳቸው።
እና መዝገቤ ላይ ጻፍሁ፦ «ቁጥር አንድ። ጀሚማ።»
ድንጋዩ የጣለውን ስም እሾህ ሊይዘው ተስማማ።
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ?
እነሆ በላይ ነው፤ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠለጠለ።

ከአጥሩ ጥግ ግን፣ ውሃ በሚተኛበት፣
ከካንቶን የመጡት አሉ፣ አንድም ድንጋይ በሌለበት።
የድሮው መዝገብ፦ «ቻይናዊ። አንድ። ወንዝ የወሰደው።»
ይኸው ጸሐፊ ወርቁን እስከ ቅንጣት ነው የመዘገበው።
እዚህ ምን ይተከል? ከማን ስም እንዋስ?
ስም የሌለው ሥር፣ ሥር የሌለው ስም፣ ማን ለማን ይካስ?

ሞርና፣ ያቺ «ሣር ይበቃል» ያለችው፣
ከቦርሳዋ ቀጭን ዘንግ አወጣች፣ በእርጥብ ጋዜጣ የጠቀለለችው።
«የቻይና ጽጌረዳ ነው፤ ባሌ እያስነጠሰ የተከለልኝ።
በሻይ መርከብ የመጣ ዘር ነው ብሎ ነገረኝ፤
የሰሜኑን አበባ ዳግም ማበብ ያስተማረ።»
ከዚያ ወዲያ ማንም አልተከራከረ።

ሰውየው አበባ ይወድ እንደሆን አናውቅም።
ምናልባት ደረቅ ካልሲ ነበር ያማረው፤ አልተጻፈም።
ራብ ነው የቆፈረው፣ ሳይጠየቅ፣ ጓንቱን አውልቆ፤
እሾህ አውራ ጣቱን ወጋው፤ ተሳደበ፣ ሳቀ፣ ደሙን በሱሪው አድርቆ።

ድንጋይ ስም ከበላ፣ መዝገብም ሰው ከከዳ፣
ለሙት ማን ደረሰ? ከዚያ ሁሉ ቁር መሀል ጽጌ ረዳ።

ሃያ ስምንት ጉድጓድ ይቀራል። መሽቷል፤ አመዳዩ ይመለሳል።
ኤፊ «አልባው ይቅደም» ትላለች፤ ሞርና «ጋሊካው ይሻላል።»
መዝገቤ ላይ «ቁጥር ሁለት» ብዬ አንድ መስመር ሳብሁ፤
የስሙን ቦታ ግን ክፍት ተውሁ።